ናይሮቢ ለሥራ ልሄድ ነው፤ እናቴ ሌባ ፈርታለች፣ እኔ ምን ልፍራ?

የሺንብጥ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ግቢ ነው የተማርኩት፣ ጨርቃ ጨርቅ። አሁንም እዚሁ ባሕር ዳር በሙያዬ እየሠራሁ ነው። ባለፈው ወር ኬንያ፣ አቲ ሪቨር የሚባል ቦታ ካለ የልብስ ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ። የጥራት ቁጥጥር ኃላፊነት ነው። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነበር። ኮንትራቱ የሁለት ዓመት ነው። ደመወዙ አሁን ከማገኘው ጋር አይወዳደርም። መኖሪያው ከሌሎች ሴቶች ጋር በጋራ ሆኖ በነጻ ነው። ትኬቱንም እነሱ ይቆርጣሉ።

እናቴ ናይሮቢ የሚለውን ስም ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «በጠራራ ፀሐይ ቀምተው ይሄዳሉ አሉ» ትላለች። ማን እንዳላት አላውቅም። አባቴ ደግሞ ዝም ብሏል። የሱ ዝምታ ከእሷ ጩኸት ይብስብኛል።

እስኪ የምታውቁ ንገሩኝ። ሴት ልጅ ብቻዋን የት ሰፈር ብትኖር ይሻላል? ማታ ከሥራ ስወጣስ? ፖሊስ መንገድ ላይ ያስቆማል የሚባለው እውነት ነው? ምን ይዤ ልሂድ፣ ምን ልተው? አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፋብሪካው «ለጊዜው በጎብኚነት ግቢና ሥራ ጀምሪ፤ የሥራ ፈቃዱን እዚህ እንጨርሰዋለን» ብሎኛል። ይሄ የተለመደ ነው? ስለ ዱባይና ስለ ቤሩት የሚያወራ ሞልቷል። ስለ ናይሮቢ የሚነግረኝ ነው ያጣሁት።

ቆሮሶ ጥብስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

እማማ ናይሮቢን ፈሩ? እኛ እዚህ ባጃጅ ሳይጠፋ ቤታችን ለመግባት የምንሮጥ ሰዎች ነን እኮ! ለማንኛውም እንኳን ደስ አለሽ። የመጀመሪያ ደመወዝ ስትቀበዪ ይህን የውይይት ክር አትርሺ።

ሳውዝ ሲ ያለሁት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ናይሮቢ ከገባሁ ቆይቻለሁ። እዚህ ቤት የምመጣው የጣናን ወሬ ለመስማት ነበር፤ ዛሬ ግን የሚያገባኝ ጥያቄ አገኘሁ።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሌሎቹ ሁሉ ከሱ በታች ናቸውና። «በጎብኚነት ግቢና ጀምሪ» ያሉሽን እሺ አትበዪ። ኬንያ ውስጥ የውጭ ዜጋ ተቀጥሮ ለመሥራት ክላስ ዲ የሚባለው የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሚያመለክተው አሠሪው ነው። ሥራው ለምን በአገሬው ሰው እንደማይሸፈን የሚያስረዳውም እሱ ነው። ለአጭር ጊዜ ደግሞ ስፔሻል ፓስ የሚሉት አለ። ከሁለቱ አንዱን ሳትይዢ ሥራ ከጀመርሽ ሕግ የጣስሽው አንቺ ነሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕጋቸው ያለ ፈቃድ ለሚሠራ ሰው እስከ 500,000 ሽልንግ ቅጣት ወይም እስከ 3 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ያስቀምጣል። አሠሪውም ይጠየቃል። ግን እሱ ጠበቃ አለው፣ አገሩም ነው።

ለኢትዮጵያዊ ኬንያ መግባት ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። መግባት ሌላ፣ መሥራት ሌላ።

አስቢው። ሌባ ስልክሽን ይወስዳል። ያናድዳል፣ ግን በማግስቱ ሌላ ትገዣለሽ። ፈቃድ ከሌለሽ ግን ደመወዝሽን ሲያዘገዩብሽ የት ትከሻለሽ? ስትዘረፊ ፖሊስ ጣቢያ ትገቢያለሽ? አለቃሽ እጁን ሲያስረዝም ለማን ትናገሪያለሽ? ወረቀት እንደሌለሽ የሚያውቅ ሰው ሁሉ፣ የጊቢው ዘበኛ ሳይቀር፣ ሲፈልግ ያስፈራራሻል። እዚህ ተቸግረው ያየኋቸው ልጆች አብዛኞቹ ሌባ ነክቷቸው አይደለም።

አሁን ወደ መንገዱ። ናይሮቢ ሌባ አለ፣ አልዋሽሽም። መሀል ከተማ ላይ ስልክ በእጅ ይዞ መሄድ አይሆንም። ማታቱ ውስጥ (የነሱ ታክሲ ነው) መስኮት አጠገብ ተቀምጠሽ ስልክ አታውጪ፤ ከውጭ እጅ ይገባል። ከመሸ በእግር አትሂጂ። ቦልት ወይም ኡበር ጥሪ፤ ከመግባትሽ በፊት ታርጋውን አይተሽ፣ ጉዞውን ለጓደኛሽ አጋሪ። ከእጅ ነጣቂ ይልቅ መጤውን የሚጎዳው ግን መኪና ነው። እዚያ በግራ በኩል ነው የሚነዳው። ባሕር ዳር መንገድ ስናቋርጥ መጀመሪያ ግራ እናያለን። እዚያ መኪናው ከቀኝ ይመጣል። ለብዙ ጊዜ አንገትሽ በልማድ ወደ ግራ ይዞራል። ሁለቱንም ሳታዪ እግርሽን አታንሺ።

ፖሊስ ያስቆማል፣ እውነት ነው። መታወቂያ ይጠይቃል። ከ90 ቀን በላይ የምትቆዪ ከሆነ የውጭ ዜጋ መታወቂያ ታወጫለሽ፤ ኤሊየን ካርድ ይሉታል። እሱ ካለ ንግግሩ አጭር ነው። በሕገ መንግሥታቸው የታሰረ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ይህን እንደምታውቂ በትሕትና ስትናገሪ የሚጠይቅሽ ሰው ድምፁ ይለወጣል። የአደጋ ጥሪ 999 ወይም 112 ነው።

ጋሽ ዘጌ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ልጄ፣ እኔ ናይሮቢን አላውቅም። የሴት ልጆች አባት ግን ነኝ። ቤቱ ከፋብሪካው ከሆነ አጥር አለው፣ ዘበኛ አለው፣ የሠራተኛ መኪና አለው። ሌላ ሰፈር ምን ያስፈልጋል? ከጊቢ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ጊቢ። ለአባትሽም ይህንኑ ንገሪው፤ ልቡ ያርፋል።

ፔዳ ሎሚ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በዚህ አልስማማም።

እኔ ባሕረ ሰላጤው አገር በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ፣ የቤት ሠራተኛ አልነበርኩም። የምኖረው በድርጅቱ ሕንፃ ነበር። አጥር ነበረው፣ ዘበኛም ነበረው። ዘበኛው ግን ደመወዙን የሚያገኘው ከአለቃዬ ነው። ማን እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደገባሁ፣ ምን እንደያዝኩ ሁሉ በማግስቱ ቢሮ ይሰማል። አንድ ቀን ከአለቃዬ ጋር በትርፍ ሰዓት ክፍያ ተጋጨን። እንድለቅ ተነገረኝ። ሥራዬ፣ ቤቴ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሦስቱም በአንድ ወረቀት ላይ ነበሩ። ፓስፖርቴም «ለደኅንነት» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። በሕግ ፓስፖርት መያዝ አይችሉም። ሕጉን እኔም እነሱም እናውቃለን። ግን ቁልፉ እነሱ ጋ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ሰፈሩ ደኅና ነው ወይ ከማለትሽ በፊት ስንቱ ነገር በአንድ ሰው እጅ ነው በዪ። ደመወዝ፣ ቤት፣ ፈቃድ፣ ፓስፖርት፣ የምትደውዪበት ስልክ፣ የመመለሻ ትኬት። ከነዚህ ግማሹ እንኳ በራስሽ እጅ ይሁን። ፓስፖርትሽን «ለፈቃዱ ሂደት» ብለው ሲወስዱ መቼ እንደሚመልሱ በጽሑፍ ይስጡሽ። ሲም ካርድ በራስሽ ስም አውጪ። የአንድ ወር ቤት ኪራይ፣ ማስያዣውና የአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ገንዘብ ማንም የማያውቀው ቦታ ይኑርሽ። ለደመወዝ ማስተላለፊያ ከተከፈተው ባንክ ውጭ ማለቴ ነው።

ጋሽ ዘጌ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

አሁን ገባኝ ልጄ። አጥሩ የማን እንደሆነ አላሰብኩም ነበር። ግን ገና ለገባች ልጅ፣ ከተማውን ሳታውቅ፣ ብቻዋን ቤት ተከራይታ ትኑር ትያለሽ?

ፔዳ ሎሚ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡48

አይደለም ጋሼ። መጀመሪያ በነሱ ቤት ትግባ። ከተማውን ትልመድ። ግን ቢከፋባት የምትወጣበት ይኑራት ነው የምለው።

ሳውዝ ሲ ያለሁት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ፔዳ ሎሚ ልክ ናት። የክላስ ዲ ፈቃድም እንዲሁ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ሥራ ስትቀይሪ አዲሱ አሠሪ እንደገና ያመለክታል። ዛሬ ለቅቀሽ ነገ ሌላ ጋ መግባት የለም። ኮንትራትሽ ላይ ስንብት ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገር፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ስንት ቀን መቆየት እንደምትችዪና የመመለሻውን ትኬት ማን እንደሚከፍል ይጻፍ።

ሰፈር ለጠየቅሽው፣ አቲ ሪቨር ከመሀል ናይሮቢ ወጣ ያለ ነው፤ በሞምባሳ መንገድ ነው የሚደረሰው። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ኪተንገላ ወይም ሲዮኪማው ይኖራሉ። ሐበሻ የሚበዛበት ኢስትሊ ነው፤ ከአቲ ሪቨር ግን በጣም ሩቅ ነው፣ መንገዱም በመኪና የተጨናነቀ ነው። እንጀራ ለመብላት ሂጂ፣ ለመኖር ግን አይመችሽም። ቤት ስትፈልጊ ሳታዪ አትክፈዪ። «ለማሳያ» ብሎ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ አለ፤ ከፍለሽው ስልኩን ይዘጋል። «ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ ማስያዣውን ላኪና ቁልፉ ይደርስሻል» የሚለውም ውሸት ነው።

ኤም ፔሳ ላይም ንቂ። እዚያ ጎመን የምትሸጠዋም በኤም ፔሳ ነው የምትቀበለው። «ገንዘብ በስህተት ልኬልሻለሁ፣ እባክሽ መልሺልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። መልእክቱ ከኤም ፔሳ የመጣ ይመስላል። መጀመሪያ ሒሳብሽን ክፈቺና ቀሪውን እዪ። ካልገባ አልገባም።

ጉድ ሳይሰማ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ሁላችሁም ስለ ሰፈር ታወራላችሁ። ፋብሪካው መኖሩን ያጣራ ሰው አለ? በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ፣ ጥሩ ደመወዝ፣ ነጻ ቤት፣ ነጻ ትኬት። ይህን ዝርዝር የት ሰማነው? ታይላንድ ሥራ አለ ተብለው ሄደው ምያንማር ድንበር ላይ የማጭበርበሪያ ካምፕ ውስጥ የተዘጋባቸው ልጆች የተነገራቸው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከዚያ ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዲግሪ ያላቸው፣ እንግሊዝኛ የሚችሉ፣ ኮምፒውተር የሚያውቁ። የሚፈለጉት እንዲህ ያሉት ናቸው።

ቆሮሶ ጥብስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡41

ኧረ ተው! ልጅቷን አታስፈራራ። ኬንያ ነው የምትሄደው፣ ጎረቤት አገር። ትኬት የሚቆርጥልሽ ሰው እንዴት አጭበርባሪ ይሆናል? ገንዘብ የሚጠይቅ ነው አጭበርባሪ።

ጉድ ሳይሰማ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡50

እነዚያም ትኬት ተቆርጦላቸው ነው የሄዱት። ትኬቱ ኋላ ዕዳ ሆኖ ይቆጠራል። «ወጪያችንን ሳትከፍል አትወጣም» ይባላል። አላስፈራራሁም፣ አጣሪ ነው ያልኩት። ማጣራት አይከፈልበትም።

ሳውዝ ሲ ያለሁት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ኬንያ ውስጥ ማጣራት ይቻላል። አቲ ሪቨር ኤክስፖርት ማቀነባበሪያ ዞን አለ፤ የዞኑ ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። ፋብሪካው ዞኑ ውስጥ ነኝ ካለ ፈቃድ እንዳለው እነሱን ጠይቂ። ሌላው ሲ አር 12 የሚባለው ሰነድ ነው። የድርጅቱ ባለቤቶችና ዳይሬክተሮች እነማን እንደሆኑ ያሳያል፤ ከመንግሥት የድርጅቶች ምዝገባ ይወጣል። እነሱ የላኩልሽን ቅጂ አትመኚ። ትንሽ ይከፈላል፣ ከፈለግሽ እኔ አወጣልሻለሁ። ከዚያ ኮንትራቱ ላይ ያለው ስም፣ ሲ አር 12 ላይ ያለው ስምና የሥራ ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው ስም አንድ መሆኑን እዪ። ሦስቱ ካልገጠሙ ትኬቱን ተዪው።

ደግሞ እዚያ አሁን የሚሠራ ሰው አገናኙኝ በያቸው። ደኅና ድርጅት በዚህ አይቆጣም።

የሺንብጥ ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሥራ ላይ ሆኜ በስርቆሽ ሳነብ ነው የዋልኩት። ፋብሪካው መኖሩን አውቃለሁ፤ አንዲት ከእኛ ባች የሆነች ልጅ እዚያ ሠርታ ወጥታለች። ደውዬላት ነበር። ደመወዝ በሰዓቱ ይከፍላሉ አለችኝ። የሥራ ፈቃዷ ግን ብዙ ጊዜ ወስዷል። እስኪመጣ ድረስ ከጊቢ እንዳትወጣ ተነግሯት ነበር። «ለራስሽ ደኅንነት» ብለዋት። ያኔ እሺ አለች፤ አሁን ስታወራው ግን ድምፅዋ ሌላ ነው።

ስፔሻል ፓስ ያልከው፣ እሱን ይዤ ልጀምር ብላቸው ይሆናል?

ሳውዝ ሲ ያለሁት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ይሆናል። ግን ተፈቅዶ፣ በእጅሽ ገብቶ፣ ስምሽና ፓስፖርት ቁጥርሽ በትክክል ተጽፎበት ነው። «አመልክተናል» ፈቃድ አይደለም።

ማኅተም ፈላጊ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ስም ካነሳችሁ ላይቀር፦ የዲግሪሽን፣ የፓስፖርትሽንና የልደት ሰርተፍኬትሽን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ጎን ለጎን አድርጊና አንድ በአንድ አመሳክሪ። የአያት ስም አንዱ ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሁለት ተጽፎ ስንቱ ፈቃድ ተመልሷል! የልደት ቀንም ከኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲለወጥ ይዛነፋል። እዚህ እያለሽ ማስተካከል አሰልቺ ነው፤ እዚያ ሆነሽ ግን በውክልና ነው፣ ጣጣው ይብሳል። ዲግሪሽን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጠሽ ሂጂ። ለአንድ ለምታምኚው ሰው ውክልና ስጪ። ሁሉንም ፎቶ አንሥተሽ ለራስሽ ኢሜይል ላኪ፤ ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ፎቶ ከስልኩ ጋር ይጠፋል።

ነርሷ እታለም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

የኔ እናት፣ ስለ ጤና ማንም አላነሳም። እኔ ልናገር።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልግሻል። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ኬንያ ስትገቢ ትጠየቂያለሽ። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመሽ ተከተቢ፤ ካርዱ ከዚያ በፊት አይሠራም። አንዴ ከተከተብሽ ዕድሜ ልክሽን ያገለግላል። ካርዱን ከፓስፖርትሽ ጋር አስቀምጪ።

ሁለተኛው የሚረሳ ነው። ናይሮቢ ከፍታው ከባሕር ዳር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 1,800 ሜትር አካባቢ ናቸው። ወባ ግን ከተማው ውስጥ ብዙም የለም። ወባውን ይዘሽ የምትሄጂው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። እኛ ጋ ካሉት የወባ ዓይነቶች ቫይቫክስ የሚባለው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳል። እዚያ ትኩሳት ሲይዝሽ «ጉንፋን ነው» ብለሽ አትተኚ። ለሐኪሙ «ከጣና ዳር ነው የመጣሁት» በዪ። ቢልሃርዝያም እንዲሁ ነው። ሐይቁ ውስጥ ስትዋኚ፣ ስታጥቢ ያደግሽ ከሆነ ከመሄድሽ በፊት ሰገራ ተመርመሪ። መድኃኒቱ እዚህ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ መድን። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ አዲስ የማኅበራዊ ጤና መድን አላት፤ ከደመወዝ 2.75 በመቶ ይቆረጣል። መቆረጡን ደመወዝ ወረቀትሽ ላይ ታያለሽ። በስምሽ መግባቱን ግን ራስሽ ጠይቂ። የግል ሆስፒታሎች ብዙውን ጊዜ ሳያስተኙ በፊት ማስያዣ ይጠይቃሉ። ፔዳ ሎሚ ያለችሽ የተደበቀ ገንዘብ እዚህም ይጠቅማል።

የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያውና ከነሐኪም ወረቀቱ ያዢ።

ዓባይ ማዶ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡45

ስለ ዕቃ ትንሽ ልበል። መሄድሽ እንደተሰማ ጎረቤቱ ሁሉ «ይቺን ለልጄ አድርሺልኝ» ይላል። ራስሽ ያላሸግሽውን አትያዢ። ቂም ይያዝብሽ። ቡናም ይሁን በርበሬ ከፍተሽ፣ አፍስሰሽ እዪ። ጫት ኬንያ ውስጥ ይሸጣል፤ ዱባይ ወይም ሳዑዲ ግን ያሳስራል። እዚህ እንደ ቀላል የምናየው የሕመም ማስታገሻም፣ እንደ ትራማዶል ያለው፣ ባሕረ ሰላጤው አገር ውስጥ ወህኒ ያስገባል። ይህን የምለው ለሷ ብቻ አይደለም፤ ነገ በዚያ በኩል የሚያልፍ ያነበዋል።

ሌላ፦ ዕቃሽን በፌስታል አትጠቅልዪ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። የእናቶቻችን አስተሻሸግ ኤርፖርት ላይ ይፈታል። ጨርቅ ከረጢት አሰፊ፣ ሙያሽም ነው።

የሺንብጥ ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡50

አባቴ ዛሬ ተናገረ! የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኔት ሲጠፋ በምን እናገኝሻለን?» አለኝ። ከነሐሴ 2015 በኋላ እዚህ ኢንተርኔት ጠፍቶ የቆየበትን ጊዜ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ እኛን ለማግኘት የሆነውን አውቃለሁ። መልስ አጥቼ ዝም አልኩ።

ፔዳ ሎሚ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡15

የአባትሽ ጥያቄ ከኛ ሁሉ ይበልጣል።

እኔና እናቴ ያደረግነውን ልንገርሽ። ዋትሳፕና ቴሌግራም ለወሬ ነው። ለቁም ነገር ግን መደበኛ ስልክ። አባትሽ ባለ ቁልፉን ስልክ ከያዙ በጣም ጥሩ፤ ባትሪውም ይቆያል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቁርጥ ያለ ሰዓት አድርጊ። ያ ሰዓት ካለፈ ወዲያው አትደናገጡ፤ በማግስቱም ካልሰሙሽ ለማን እንደሚደውሉ ወረቀት ላይ ይጻፍ። አብራሽ የምትኖር ልጅ፣ ከፋብሪካው ውጭ ያለ አንድ ሐበሻ፣ የፋብሪካው ቢሮ፣ ናይሮቢ ያለው ኤምባሲያችን። ወረቀቱ ቁም ሳጥን ላይ ይለጠፍ። ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ቁጥር እናትሽ ሲደነግጡ አያገኙትም።

ወንድምሽን መሀል አድርጊው። ባሕር ዳር ሲጨልም አንቺ ለሱ፣ እሱ በመደበኛ ስልክ ለቤት። ስልኩም ከተቋረጠ ደግሞ በመንገደኛ። ሥጋቱ ካንቺ በኩል ብቻ አይደለም እኮ። እዚያ ሆነሽ ዜና ትሰሚያለሽ፣ ትደውያለሽ፣ አይነሳም። ያን ጊዜ ሥራ ላይ ቆሞ መዋል ምን እንደሆነ ማንም አይነግርሽም። አለቃሽም አይገባውም። እኔ ያኔ የምይዘው ነገር አጥቼ የቢሮውን ፋይል ሁሉ በፊደል ተራ ደርድሬያለሁ።

ጉድ ሳይሰማ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። ልጁ ውጭ አገር ያለ ቤተሰብ ላይ ይደወላል። «ልጅሽ ታስራለች፣ በዚህ ሒሳብ ይህን ያህል ካላስገባሽ አትፈታም።» አንዳንዴ የሚያለቅስ ድምፅ ያሰማሉ። አሁን ደግሞ ድምፅ በኮምፒውተር ይመስላል፤ የልጅሽን የመሰለ። ከእናትሽ ጋር አንድ ጥያቄ ተስማሙ። መልሱን ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁት፣ ፌስቡክ ላይ የሌለ። ደዋዩ ካልመለሰ ይዝጉት።

ቆሮሶ ጥብስ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡52

ጉድ ሳይሰማ፣ ይሄኛው ጥሩ ሐሳብ ነው። ለካ ሰው ነህ።

ጋሽ ዘጌ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡30

ልጄ፣ ሰንበት ስትሆን የምትሄጂበት ቤተ ክርስቲያን ይኑርሽ። ለጸሎቱ ብቻ ብዬ አይደለም። እሑድ ያልመጣ ሰው ሰኞ ይጠየቃል። ፋብሪካው የማያውቀው፣ አንቺን ግን የሚያውቅ ሰው የምታገኚው እንዲህ ነው። ሙስሊም ብትሆኚም መስጊድ እልሽ ነበር።

ፔዳ ሎሚ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡44

ጋሼ አሁን ያሉትን እጥፍ አድርጌ እቀበላለሁ። ግን እህቴ፣ ሐበሻ ስለሆነ ብቻ ሰው አትመኚ። «የአገርሽ ልጅ ነኝ» ብሎ ዕቁብ የሚሰበስብ፣ ፈቃድ አስጨርስልሻለሁ የሚል፣ ብድር የሚጠይቅ አለ። ሰላም በያቸው፣ ቡና ጠጪ፣ ፓስፖርትሽን ግን አታሳዪ።

ደግሞ ይህን ቁጥር ያዢ፦ 1195። ኬንያ ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ሴት በነጻ የምትደውልበት መስመር ነው። ባትፈልጊው ደስ ይለኛል።

ሳውዝ ሲ ያለሁት | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡50

አንድ ቀላል ነገር ረስቼ ነበር። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ይላል። በእንግሊዝኛ ሲነግርሽ ግን ሰባት ነው። የማታ መኪና ስትቀጣጠሪ በየትኛው እንደሆነ አጣሪ። በጨለማ ስድስት ሰዓት መቆም አያምርም። ሰልፍ ያለ ቀን ደግሞ መሀል ከተማ አትሂጂ። በሰኔ 2024ቱ የግብር ተቃውሞ ጊዜ ሱቅ ልገዛ ወጥቼ አስለቃሽ ጭስ ውስጥ የገባሁ ሰው ነኝ። ሹራብም ያዢ፤ ሐምሌ ላይ ናይሮቢ ይበርዳል።

የሺንብጥ ልጅ | የሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ላሳውቃችሁ ብዬ ነው። ለፋብሪካው ጻፍኩ። በትሕትና፣ ግን በግልጽ። ፈቃዱ ወይም ስፔሻል ፓሱ በእጄ ሳይገባ አልመጣም፣ እዚህ ያለውን ሥራዬንም አልለቅም አልኳቸው። መጀመሪያ «ሌሎች ሁሉ እንዲህ ነው የመጡት» የሚል አጭር መልስ መጣ። ሁለት ቀን ዝም አሉ። ያበቃ መሰለኝ፤ እናቴ ልትደሰት ምንም አልቀራትም። ትናንት ግን የሰው ኃይል ኃላፊዋ ራሷ ደወለች። ዲግሪዬንና ፓስፖርቴን ላኪ፣ ከዚያው ሆነሽ እናመለክታለን አለችኝ። ከስንብት በኋላ ቤቱ ውስጥ የመቆያውን ጊዜም ኮንትራቱ ላይ እጽፋለሁ ብላለች። የመመለሻውን ትኬት ግን እስካሁን አልተቀበለችም፣ እየተከራከርን ነው።

ሲ አር 12ቱን ሳውዝ ሲ ያለው ወንድማችን አውጥቶልኛል፣ ስሙ ገጥሟል። የዲግሪዬ ስም ግን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ፊደል ተለያይቷል። ማኅተም ፈላጊ፣ አፍህ ማር ይሁን! ነገ ሬጅስትራር ልሰለፍ ነው። ከእናቴ ጋር ጥያቄውን ተስማምተናል። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

ሳውዝ ሲ ያለሁት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

ጎበዝ! ማጽደቂያው ሲመጣ ቅጂውን ላኪልኝ። ኢሚግሬሽን ያለው ኛዮ ሐውስ የሚባል ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩን ይዤ ሄጄ አረጋግጥልሻለሁ። ስለ ትኬቱ አትልቀቂያት። ቢያንስ እነሱ ካሰናበቱሽ እነሱ ይክፈሉ በዪ፤ አንቺ ከለቀቅሽ አንቺ።

ዓሣ አስጋሪው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይቅርታ፣ ክሩን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔም ካምፓላ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝቼ «በጎብኚነት ግባ» ተብያለሁ። ትኬቱ የፊታችን ሰኞ ነው። ያው ነው ማለት ነው?

ፔዳ ሎሚ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡34

ወንድሜ፣ ኡጋንዳ ሕጉ ሌላ ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። አዲስ ክር ክፈትና ኮንትራቱን ስምህን ሸፍነህ ለጥፈው። ዛሬ ማታ። ትኬቱንም ማራዘም ይቻል እንደሆነ ነገ ጠዋት ጠይቅ።